ሁለት ሰው የነዳት መኪና

ሟቹ በቀኝ ጎኑ ተጋድሟል። አንፀባራቂ ሰደርያው እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ጓንቶቹ ከእጁ አልወለቁም። አንድ ጫማው ብቻ ወልቆ ከእግሩ አንድ ክንድ ያህል ርቋል። ከበስተኋላው፣ መኪኖች በሚመጡበት በኩል፣ ስድስት ብርቱካንማ ኮኖች ቆመዋል፤ ሦስት ደግሞ ወዲያና ወዲህ ተበትነዋል። ከፊቱ የመንገድ ጥገና ከባድ መኪና ጀርባውን ሰጥቶት ቆሟል። ከከባድ መኪናው በስተቀኝ ባለው ቦይ ውስጥ አንዲት ነጭ የቤት መኪና በጎኗ ተኝታለች።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ጠዋት የጣለው ዝናብ አራት ሰዓት ላይ አባርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ አስፋልቱ ደርቋል። ማንንም ከማናገሯ በፊት መለኪያዋን አውጥታ ከቤት መኪናዋ የጎማ ምልክት እስከ ሟቹ ትከሻ ለካች። አንድ ሜትር ከሃምሳ። ጻፈችው።

"ማን ነው የነዳው?" አለች።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ቀድሟት የደረሰው የትራፊክ ሳጅን ራሱን አከከ። "እሱ ላይ ነው ችግሩ።"

"ሸሽቷል?"

"ኧረ ቢሸሽ ይሻለን ነበር። ሁለት ናቸው።"

"ሁለት ምን?"

"ሁለት ሹፌር፤ አባትና ልጅ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የማውቀው ሰው ሁሉ 'እኔ አልነዳሁም' ሲል ነው። እነዚህ 'እኔ ነኝ፣ የለም እኔ ነኝ' ሲባባሉ ለመደባደብ ትንሽ ነው የቀራቸው።"

አባትየው የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ የሚደርስ ሰው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። የሥራ ጓደኞቻቸው "ሰማንያ" ይሏቸው ነበር፤ በሰዓት ከሰማንያ ኪሎ ሜትር ሲያልፉ ያያቸው ስለሌለ።

"የነዳሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ" አሏት። "ጻፊው። ልጅቷ ከጎኔ ነበረች። ሁለታችንም ቀበቶ አስረናል። ሌላ የምለው የለኝም።"

ልጃቸው አምቡላንሱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ የሕክምና ሠራተኞች ግንባሯን ይጠርጉላታል። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ቁመቷ ከአባቷ ትከሻ አያልፍም።

"እሱን አትስሙት" አለች። "እኔ ነኝ የነዳሁት። የመለማመጃ ፈቃዴ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አባዬ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር፣ ሕጉ እንደሚለው።"

"ማርሽ መቀየር የማታውቅ ልጅ!" አሉ አባትየው ከድንጋዩ ላይ። "ሦስተኛ ስታስገባ መኪናው እንደ በግ ነው የሚጮኸው!"

"አውቃለሁ!"

"የት ታውቂና!"

"አባዬ፣ ሰው ሞቶ ነው ያለው።"



የከባድ መኪናው ሹፌር ከመኪናው በር አጠገብ ቆሟል። በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰ ሰው ነው። ከሟቹ ጋር ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ቡድኑ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የዛሬው ሥራቸው የቦይ ክዳኖችን ማየት ነበር።

"ዝናቡ ሲያባራ ኮን መዘርጋት ጀመርን" አለ። "እኔ ቀስ እያልኩ ወደፊት፣ እሱ ከኋላ መሬት እያስቀመጠ። ድው ሲል ሰማሁ። ስወርድ እሱ ወድቋል፣ መኪናዋ ቦይ ውስጥ ናት። በቃ ይሄው ነው።" የሹራቡን እጅጌ ሳበ። "ልጆች አሉት።"

* * *

ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ሐኪም ለየብቻ የታሰሩትን አባትና ልጅ ትከሻቸውን አይቶ ወረቀት ላይ ሁለት ሰው ሣለ። ሥዕሉን ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

"አየኸው?" አለችው ሳጅኑን። "በግራ ወንበር የተቀመጠን ሰው ቀበቶው በግራ ትከሻው ላይ ይይዘዋል። በቀኝ የተቀመጠውን በቀኝ። ስለዚህ አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ ትከሻው ላይ መበለዝ አለበት።"

"እሺ?"

"ሁለቱም የበለዙት ግራ ትከሻቸው ላይ ነው።"

ሳጅኑ ሥዕሉን ወደ ራሱ ሳበ፣ አዞረው፣ መልሶ አዞረው። "እና አንዱ አንዱ ጭን ላይ ተቀምጦ ነው የነዱት?"

"እሱን ነው እኔም የምጠይቅህ።"

የቀልድ ጊዜ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ተለማማጅ መንዳት የሚችለው መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከጎኑ፣ በፊት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ያ ሰው ከሌለ ፈቃዱ ወረቀት ነው፤ ያለ ፈቃድ እንደነዳ ይቆጠራል። ኮን በተዘረጋበት የሥራ ክልል ደግሞ ከአርባ በላይ መንዳት ክልክል ነው፣ ቅጣቱም እጥፍ። አባትየው ነድተው ከሆነ በቸልተኝነት ይጠየቃሉ። ልጅቷ ነድታ፣ ከጎኗም ሰው ካልነበረ፣ ለዓመታት ትታሰራለች፤ አዋላጅነቷም እዚያው ላይ ያበቃል።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ሬሳ ለመረከብ መጥቶ እዚያ ተቀምጧል፤ አናጢ ነው፣ የሥራ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። ኢንስፔክተሯ ስታልፍ ብድግ አለ።

"ከሁለቱ የቱ ነው ገዳዩ?"

"ገና አላወቅንም።"

"ሁለቱም አምነዋል አሉኝ'ኮ።"

"አምነዋል።"

"ታዲያ እኔ ማንን ልጥላ?" አለ። የምሩን ነበር የጠየቀው። መንገዷን ቀጠለች።

* * *

በማግስቱ ጠዋት ነጯ መኪና ፖሊስ ግቢ ውስጥ በአራት ጎማዋ ቆማ ጠበቀቻቸው። ኢንስፔክተሯ የፊት ቀኝ ወንበሩን ቀበቶ ሳበችው። እየተንሸራተተ ወጣ፣ ስትለቀው ተመልሶ ገባ። የሹፌሩን ሳበች፤ በግጭቱ ተቆልፎ ቀርቷል። የኋላ ግራውን ሳበች። እሱም ተቆልፏል።

"ፊት ማንም አልነበረም" አለች። "አንዱ ነዳ፣ አንዱ ልክ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጠ።"

"ለምን? ታክሲ ነው እንዴ?"

የሹፌሩን ወንበር ለካች፤ እስከ መጨረሻው ወደፊት ተስቧል። የውስጥ ስፖኪዮው ወደ ታች ዘምበል ብሏል። ሳጅኑ ቁመቱ ከአባትየው የሚስተካከል ሰው ነው። ገብቶ ሊቀመጥ ሲሞክር ጉልበቱ መሪው ሥር ተሰነቀረ።

"አውጪኝ" አለ።

አባትየው ሲጠየቁ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

"ጡረተኛ ሹፌር ከጎን ተቀምጦ አይችልም" አሉ። "እግሬ እንቢ አለኝ፣ ልጄ። እሷ ፍሬን ሳትይዝ እኔ ወለሉን እረግጣለሁ። እጮኻለሁ። 'ታጠፊ! ቀስ! አይተሽዋል?' ሦስት ቀን አለቀሰች። በአራተኛው ቀን መኪናውን ዳር አቁማ 'ወይ ከኋላ ትቀመጣለህ ወይ በእግሬ እሄዳለሁ' አለችኝ።"

"እና ከኋላ ተቀመጡ።"

"ከኋላዋ ከሆንኩ እንዳላያት የወንበሩ ጀርባ ይጋርደኛል። አፌን ዘጋሁ። ሕጉን ሳላውቀው አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያወቅሁትን ሕግ አንድ ቀን ጣስኩት፣ ያው የሆነው ሆነ።" እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። "ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ነዳሁ ብለሽ ጻፊው። ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ፣ አባባ።"

ኢንስፔክተሯ ከክፍሉ ስትወጣ ደስ አላላትም። ነገሩ ተፈቷል፤ በተፈታው መጠን ደግሞ ከፍቷል። መሪውን የያዘችው ልጅቷ ናት። ከጎኗ ሰው አልነበረም።

* * *

ልጅቷ የአባቷን ቃል ስትሰማ ትከሻዋ ወረደ። የምትከላከለው ነገር አልቀራትም።

"በስንት ነበር የምትነጂው?"

"ኮኖቹን ሳይ ስልሳ ላይ ነበርኩ። ፍሬን ያዝኩ። ሃምሳ የሆነ ይመስለኛል። አርባ አልደረስኩም።"

"ከዚያስ?"

"ሰው ወደ መንገዱ ሮጦ ገባ። እጆቹን ወደ ላይ እያወናጨፈ። ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ። ከዚያ ድው፣ ድው፣ ድው አለ፤ ከዚያ ሰማዩን በጎን በኩል አየሁት።" እጆቿን አየቻቸው። "መታሁት አይደል? ጠምዝዤም መታሁት።"

"ሮጦ የገባው ሰው ምን ለብሶ ነበር?"

"ምን እንደለበሰ..." ዓይኗን ጨፈነች። "ግራጫ ነገር።"

ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን አቆመች። "ብርቱካንማ አንፀባራቂ ሰደርያ አልነበረም?"

"አልነበረም። ቢሆን ኖሮ ቀድሜ አየው ነበር።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ከትናንት ወዲህ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር የለም" አለች ልጅቷ። "ስሜን ብትጠይቁኝም አስቤ ነው የምመልሰው።"

ኢንስፔክተሯ ከቢሮዋ መስኮት አጠገብ ቆማ ያላትን ቆጠረች። ሟቹ ሰደርያ ለብሶ ነበር፤ ልጅቷ ያየችው ሰው ግራጫ ለብሷል። ሟቹ የተገኘው ኮኖቹ ከከለሉት መስመር ውስጥ ነው፤ ልጅቷ ያየችው ሰው ክፍት በሆነው መስመር ላይ ነበር። የመኪናዋ የፊት ፓራውልት ላይ ሦስት ቦታ ብርቱካንማ ቀለም ተፍቆበታል፤ ደም የለም፣ የጨርቅ ክር የለም። ይህ ሁሉ ልጅቷን ነፃ የሚያወጣ ይመስላል። ግን ሰውየው ሞቷል፣ በቦታው የነበረችውም ብቸኛ መኪና የእሷ ናት። ብቸኛዋ የምትንቀሳቀስ መኪና፣ ብላ አሰበች፤ ሐሳቡ እዚያ ላይ ጎረበጣት።

ሆስፒታል ደወለች። ሬሳውን የመረመሩት ሐኪም ጥንቁቅ ሰው ናቸው።

"እግሩ ላይ የፓራውልት ምት አላገኘሁም" አሏት። "ደረቱና ዳሌው ነው የተጎዳው። ጫና ነው።"

"የከባድ ነገር ጫና?"

"የቤት መኪናም ብትገለበጥበት ይህን ታደርጋለች። አዎ ይበሉኝ ካልሽ አዎ አልልሽም፤ አይደለም ይበሉኝ ካልሽም አይደለም አልልሽም።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር። አሁን ጨርሶ ግራ ገባኝ።"

"ከሬሳ ጋር ሲኖሩ የተለመደ ነው" አሉና ስልኩን ዘጉ።

* * *

በሦስተኛው ቀን ከባድ መኪናውን ለምርመራ ወደ ግቢው አስመጡት። የጣቢያው ሹፌር በሩ አጠገብ ወደኋላ ሲያስገባው ኢንስፔክተሯ ደረጃው ላይ ቆማ ታይ ነበር። መኪናው ዝም ብሎ ወደኋላ መጣ። ያለ ምንም ድምፅ።

"አቁም!" አለች። "ወደኋላ ሲሄድ መጮህ አልነበረበትም?"

ሳጅኑ ተንበርክኮ ከሥር ገባ። "ሽቦው ተቆርጧል። በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ፕላስተሩ ጭቃ ጠጥቷል። የቆየ ነው።" ወጥቶ ጉልበቱን አራገፈ። "ግን እነሱ ወደፊት እየሄዱ ነበር'ኮ፣ ኢንስፔክተር። ኮን ሲዘረጋ መኪናው ወደፊት ነው የሚሄደው።"

"ሲሰበሰብስ?"

"ሲሰበሰብ ወደኋላ ነው። ከመጨረሻው ኮን ጀምረው መኪኖች ወደሚመጡበት በኩል እያነሱ ይመለሳሉ፤ እስከ መጨረሻው የሚጋርዳቸው ኮን እንዲኖር።"

"ስለዚህ ግማሽ የተዘረጋና ግማሽ የተሰበሰበ..."

ሳጅኑ ከባድ መኪናውን ዞሮ አየ። "አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው። ከመኪናው ኋላ ኮን አለ፣ ከመኪናው ፊት የለም።"

"ያነሳሃቸውን ፎቶዎች አምጣልኝ። መጀመሪያ ስትደርስ ያነሳሃቸውን፤ ፀሐይ ሳትወጣ።"

አርባ አንድ ፎቶ ነበር። ሬሳው፣ ጫማው፣ ነጯ መኪና። ሠላሳ አራተኛው ላይ ሳጅኑ ከከባድ መኪናው ፊት ቆሞ ባዶውን መንገድ ወደፊት አንስቶታል። አስፋልቱ እርጥብ ነው፣ ጠቁሯል። በጠቆረው ላይ፣ በመንገዱ ርዝመት፣ ነጣ ያሉ አራት ማዕዘን ቅርጾች በአንድ ረድፍ ይታያሉ። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ አምስት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የቀለም ምልክት መስሎኝ ነበር" አለ ሳጅኑ።

"እኔ ስደርስ አልነበረም። የቀለም ምልክት በአርባ ደቂቃ አይጠፋም።"

ከከባድ መኪናው የጭነት ካሶኒ ላይ አንድ ኮን አውርዳ የግቢው ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠች። ባልዲ ሙሉ ውሃ በዙሪያው ደፋች። ከዚያ አነሳችው። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ የኮኑን መቀመጫ የሚያህል ደረቅ አራት ማዕዘን ቀረ።

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ ደረቁን ቦታ በጣቱ ነካ። "እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ እኔ ነኝ ያላየሁት" አለ።

* * *

የከባድ መኪናው ሹፌር ያንኑ ግራጫ ሹራብ ለብሶ መጣ። ኢንስፔክተሯ ውሃ ቀዳችለት።

"አንድ ነገር ብቻ ላረጋግጥ። ኮን መዘርጋት የጀመራችሁት ከዝናቡ በኋላ ነው?"

"ከዝናቡ በኋላ።"

"ከዝናቡ በፊት አንድም ኮን አላወረዳችሁም?"

"አንድም። መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ነበር።"

"የኋላ ማርሽስ አስገብተው ነበር?"

"ለምን አስገባለሁ? እየዘረጋን'ኮ ነው።"

ጻፈች፣ አነበበችለት፣ ፈረመ። ከዚያ ሠላሳ አራተኛውን ፎቶ ፊቱ አስቀመጠች።

"ይህ ከመኪናዎ ፊት ያለው መንገድ ነው። አራት ሰዓት ከሃያ ሁለት። እርስዎ እንደሚሉት ኮን ገና ያልደረሰበት ቦታ። ዝናብ ሲዘንብ ግን አምስት ኮኖች እዚህ ቆመው ነበር፤ ሥራቸውን ዝናብ አልነካውም። ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ ሰው አንስቷቸዋል።"

ሹፌሩ ፎቶውን አላነሳውም። እንደሚያቃጥል ነገር ከሩቅ አየው።

"ሥራችሁን ጨርሳችሁ እየሰበሰባችሁ ነበር" አለች። "እርስዎ ወደኋላ፣ እሱ ከኋላ። የማስጠንቀቂያው ሽቦ ተቆርጧል።"

"ቀኑን ሙሉ ጢጥ ጢጥ ሲል ያዞረኛል" አለ በቀስታ። "እሱንም ያዞረው ነበር። አብረን ነው የቆረጥነው።" ውሃውን አነሳ፣ ሳይጠጣ አስቀመጠው። "የኛ ምልክት ሌላ ነው። ካሶኒውን በእጁ ይመታል። አንድ ከመታ ቁም ነው። ሁለት ከመታ ና ነው። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አልሳትንም።"

"ያን ቀንስ?"

"ሁለት ሰማሁ። ድም፣ ድም። መጣሁ።" እጁ ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ ወደቀ። "ስወርድ ሁለት ኮን ካሶኒው ውስጥ ወድቋል። ዘወትር አንድ በአንድ ነበር የሚያስቀምጠው። ያን ቀን ምን እንዳስቸኮለው እንጃ፣ ሁለቱን ከመሬት ሆኖ ነው የወረወራቸው። እኔ የሰማሁት ኮን ነው፣ እጁ አይደለም።"

"ከዚያ መኪናውን ትንሽ ወደፊት ወሰዱት።"

"ከላዩ ላነሳለት ነው! ከዚያ እርዱኝ ብዬ መንገድ ላይ ወጣሁ። ልጅቷ እኔን ለማዳን ነው የጠመዘዘችው። ኮኖቹን ገጭታ ቦይ ገባች። ሮጬ ስደርስ ሽማግሌው በመስኮት ብቅ ብለው 'ሰው ገጨን?' አሉኝ።" ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ ላይ ገና ያልለቀቀው መደነቅ ነበር። "እሳቸው ናቸው'ኮ የጠየቁኝ። እኔ አዎ ብቻ ነው ያልኩት።"

* * *

አባትና ልጅን ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ አገናኟቸው። ኢንስፔክተሯ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገረቻቸው። ከቀበቶው ጀመረች፣ በኮኖቹ ጨረሰች። ሰው አልገደሉም። በመለማመጃ ሕጉ ግን ሁለቱም ይቀጣሉ፤ የልጅቷ የመለማመጃ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ይታገዳል፣ በፍጥነቷም ትቀጣለች።

ልጅቷ ሁለቴ አስደገመቻት። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

"አንተ ለምን እኔ ነዳሁ አልክ?"

"አንቺስ ለምን አልሽ?"

"እኔማ ነድቼ ነዋ!"

"እኔም አባትሽ ነኛ!"

"ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ገድላለች ብለህ ነው የተቀመጥከው?"

 ኢንስፔክተሯ ወረቀቷን ማስተካከል ጀመረች።

"ብዬ ነው" አሉ አባትየው። "ታዲያ ብትገድዪስ? ልተውሽ ኖሯል?"

ልጅቷ ልትስቅ ነው ወይ ልታለቅስ ነው ሳይለይ አፏን በእጇ ያዘች።

ፈርመው ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ የሟቹ ወንድም ተቀምጧል። ማለዳ ተነግሮታል። ገዳዩ የታናሽ ወንድሙ የዘጠኝ ዓመት ጓደኛ፣ ቤቱ መጥቶ የሚበላው ሰው መሆኑን ሰምቷል። አባትየው በሩ ላይ ቆሙ። መውጫው በግራ ነው። ሳጅኑ በእጁ አሳያቸው።

"አባዬ፣ በዚህ ነው" አለች ልጅቷ።

"አየሁት" አሉ አባትየው፣ ግን አልተንቀሳቀሱም። ሦስት ቀን ሙሉ በእስር ክፍሉ ውስጥ ለምርመራ ሲመላለሱ ለሚያዩት ለዚህ ሰው የሚሉትን ሲያዘጋጁ ነበር፤ አንዱን ቃል ሲያነሱ፣ ሌላውን ሲጥሉ። አሁን የሚሉት አያስፈልግም። ወደ ቀኝ ዞሩና ወደ አግዳሚው ሄዱ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ያዘጋጁት ሁሉ ጠፋባቸውና ቆመው ቀሩ።

ወንድምየው ቀና ብሎ አያቸው። ከኋላቸው የቆመችውን ልጅም አየ። ከዚያ የሥራ ዕቃውን ከአግዳሚው ላይ አንስቶ መሬት አስቀመጠ፣ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታም ለቀቀላቸው።